በፕራይመሪ ቀን ከበር የሚመልሱን ስህተቶች

ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በበጎ ፈቃድ መራጭ አስመዘግባለሁ። ጠረጴዛችንን የምንዘረጋው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ አርብ ከጁምዓ መልስ በመስጊድ ደጃፍ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እንጀራና በርበሬ በሚሸጥባቸው የሐበሻ ሱቆች አጠገብ ነው። ኖቬምበር ላይ ብዙ አንቸገርም፤ ለፕሬዚዳንት ምርጫ ሰዉ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ ልጆቹን አስከትሎ ይወጣል። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት ያለው ዙር ነው። ዴሞክራቶችና ሪፐብሊካኖች ለፕሬዚዳንትነት ማንን እንደሚያቀርቡ የሚለይበት ፕራይመሪ ላይ የሚመጣው ወገናችን ጥቂት ነው፤ ከመጣውም ውስጥ ለፕሬዚዳንት ሳይመርጥ የሚመለስ አለ። የሚመለሰውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ቀን ጥፋት ሳይሆን ከዓመታት በፊት ፎርም ላይ ባደረጋት አንዲት ምልክት ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ደጋግሜ ያየኋቸውን ነው። ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ የፈረንጆቹ ነው።

«ፓርቲ የለኝም» ብሎ ተመዝግቦ ለፕራይመሪ መምጣት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በ2024 የሜሪላንድ ፕራይመሪ የተካሄደው ሜይ 14 ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ የማውቃቸው ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን በታክሲ የጨረሱ ሰው፣ ከምርጫ ጣቢያው ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ወረፋ ጠብቀው፣ ስማቸው መዝገብ ላይ ተገኝቶ፣ ወረቀት ተሰጥቷቸው፣ ክቡን አጥቁረው ማሽኑ ውስጥ አስገብተዋል። ፊታቸው ግን ልክ አልነበረም። «ልጄ፣ የፕሬዚዳንቱ ወረቀት ለብቻው ነው እንዴ? እኔን የሰጡኝ የትምህርት ቦርድ ብቻ ነው። ገልብጬም አየሁት፣ ምንም የለም» አሉኝ። ለብቻው አይደለም። ጋሼ ከብዙ ዓመት በፊት መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ እግረ መንገዳቸውን ለመራጭነት ተመዝግበው ነበር፤ ፓርቲ በሚለው ቦታ ላይ ያኔ ምልክት ያደረጉት «የየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም» የሚለው ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ብሎ የተመዘገበ ሰው በፕራይመሪ ቀን የሚሰጠው ወረቀት ፓርቲ የማይገባበት ውድድር ብቻ ያለበት ነው። በእኛ ካውንቲ ያ ማለት የትምህርት ቦርድ ነው። የጣቢያው ሠራተኞች አልበደሏቸውም፤ ሕጉን ነው የሠሩት። ማሽኑ የዋጠውን ወረቀት ደግሞ መልሶ የሚያወጣ የለም።

የአንድን ፓርቲ ዕጩ የሚመርጡት በዚያ ፓርቲ ስም የተመዘገቡ ብቻ ሲሆኑ ፕራይመሪው ዝግ ነው ይባላል። ሜሪላንድ ዝግ ነው። ኒው ዮርክ፣ ፔንስልቬንያ፣ ፍሎሪዳም እንዲሁ። ዋሽንግተን ዲሲም በ2024 የመረጠችው በዚሁ መንገድ ነው።

«እንግዲያውስ አሁን ቀይሩልኝ» የሚለው ልመና በዚያ ቀን አይሠራም። ሜሪላንድ ውስጥ የተመዘገበ ሰው ፓርቲ መቀየር የሚችለው ፕራይመሪው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ አድራሻ መቀየር ይቻላል፤ ፓርቲ መቀየር ግን ቀደም ብሎ ድምፅ በሚሰጥባቸው ቀናትም ሆነ በዋናው ቀን አይቻልም። ጨርሶ ያልተመዘገበ ሰው ግን የሚኖርበትን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ በዚያው ቀን መጥቶ መመዝገብ፣ ፓርቲም መምረጥ ይችላል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ቃለ መሐላ ፈጽሞ ዜጋ የሆነ ወጣት ለፕሬዚዳንት ዕጩ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከስንት ዓመት በፊት የተመዘገበ አጎቱ የትምህርት ቦርድ ወረቀት ይዞ ይቀራል።

ኒው ዮርክ ላይ ነገሩ ከዚህም ይብስ ነበር። በ2016 ፕራይመሪው ኤፕሪል 19 ሆኖ ሳለ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ፓርቲ የሚቀይርበት ቀን ያለቀው ኦክቶበር 9 ቀን 2015 ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ቀደም ብሎ። የዶናልድ ትራምፕ ልጆች ኢቫንካና ኤሪክ በሪፐብሊካንነት ስላልተመዘገቡና ቀኑም ስላለፋቸው ለገዛ አባታቸው ድምፅ መስጠት አልቻሉም። ኒው ዮርክ ከዚያ ወዲህ ሕጉን አላልታ ቀነ ገደቡን ወደ ፌብሩዋሪ 14 አምጥታዋለች። አማካሪና ጠበቃ የከበባቸው ሰዎች የሳቱትን ቀን ሁለት ሥራ ላይ የሚሮጥ ሰው ቢስተው አይገርመኝም። የሚያሳዝነኝ በየአራት ዓመቱ ያው ሰው፣ ያው ጣቢያ፣ ያው ወረቀት መሆኑ ነው።

«ፓርቲ የለኝም» የምንልበት ምክንያት ይገባኛል። ፎርሙን ስንሞላ ስምና አድራሻው ላይ እየሳቅን እንጫወታለን፤ ፓርቲ የሚለው ጥያቄ ጋ ስንደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። «ይቅርብኝ፤ ከፖለቲካ ራቅ ማለት ይሻላል» ይባላል። አንዱ ኢሠፓን ያስታውሳል፣ ሌላው ቀበሌን፣ ሌላዋ የኢሕአዴግን አንድ ለአምስትና ግምገማ። ፓርቲ ማለት የአባልነት ደብተር ነበር፤ ወርኃዊ መዋጮ፣ የማይቀርበት ስብሰባ፣ መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ሰው የሚፈለግበት ዝርዝር። ያን ያዩ ሰዎች ጥንቃቄ ከምንም አልመጣም፤ አከብረዋለሁ።

ሆኖም እዚህ ፎርሙ ላይ ያለው ነገር ያ አይደለም። መዋጮ የለውም፣ መታወቂያ የለውም፣ ስብሰባ የሚጠራችሁ ሊቀመንበር የለውም። በዴሞክራትነት ተመዝግባችሁ ኖቬምበር ላይ ለሪፐብሊካን፣ በሪፐብሊካንነት ተመዝግባችሁ ለዴሞክራት ብትመርጡ ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጠይቅም። ቀኑ ሳያልፍ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁም ፎርም ሞልታችሁ ትቀይራላችሁ። ምልክቷ የምትወስነው በፕራይመሪ የማንን ወረቀት እንደምትቀበሉ ብቻ ነው።

አንድ ነገር አልደብቅም፤ የተመዘገባችሁበት ፓርቲ የመራጮች መዝገብ ላይ ይታያል። የምረጡኝ ዘመቻዎች መዝገቡን ስለሚያገኙት ፖስታውና ስልኩ ይበዛባችኋል። ማንን እንደመረጣችሁ ግን የትም አይጻፍም። ይህን ሁሉ ሰምቶ «አሁንም አልፈልግም» የሚል ሰው መብቱ ነው፤ ፎርሙን እንደሞላው እቀበለዋለሁ። ምን እንደቀረበት ሳያውቅ ሲፈርም ግን ዝም ብዬ አላይም። «አንተ ብትሆን የትኛውን ትይዛለህ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ ብቻ። መራጭ የሚያስመዘግብ ሰው ወደ አንዱ ፓርቲ መግፋት የለበትም፣ እኔም አላደርገውም።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። «አሜሪካን ኢንዲፔንደንት ፓርቲ» የሚባል ወግ አጥባቂ ፓርቲ አለ። በ2016 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ባደረገው ማጣራት፣ በዚያ ፓርቲ ስም የተመዘገቡ ብዙ ሰዎች ገለልተኛ የሆኑ መስሏቸው እንደሆነ ታውቋል። ገለልተኛ መሆን የሚፈልግ ሰው መምረጥ ያለበት «ምንም ፓርቲ አልመርጥም» የሚለውን ነው። እንዲያ የተመዘገበ ሰው የዴሞክራቶቹን የፕሬዚዳንት ወረቀት ጠይቆ ማግኘት ይችላል፤ የሪፐብሊካኖቹን ግን አይሰጡትም።

ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ የነገራችሁን ሜሪላንድ ላይ መሥራት

ፖቶማክ ወንዝን ሲሻገሩ ሕጉ ይለወጣል። አሌክሳንድሪያ ያለች እህታችሁ «ምንም አያስፈልግም፣ ሄደሽ የፈለግሽውን ወረቀት ትጠይቂያለሽ» ብትላችሁ እውነቷን ነው፤ ቨርጂኒያ መራጭን በፓርቲ አትመዘግብም። ማርች 5 ቀን 2024 የሁለቱም ፓርቲ ፕራይመሪ በአንድ ቀን ሲደረግ መራጩ ከሁለቱ አንዱን ወረቀት ጠይቆ ነው የመረጠው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወንድሟ ይህን ሰምቶ ከመጣ የሚገጥመው የጋሼ ዕጣ ነው።

ቴክሳስም በፓርቲ አይመዘግብም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር የአንዱን ፓርቲ ወረቀት የወሰደ ሰው በመለያው ዙር ወደ ሌላው መሻገር አይችልም። ሚኔሶታ በ2020 ከኮከስ፣ ማለትም መራጮች አዳራሽ ተሰብስበው ከሚመርጡበት የፓርቲ ስብሰባ፣ ወደ ፕራይመሪ ስትሸጋገር የአንድ ፓርቲ ወረቀት መጠየቅ ግድ ሆነ፤ የማንን ወረቀት እንደወሰዳችሁም ለፓርቲው ሊቀመንበር ይሰጣል። ይህን ሳያውቁ ጣቢያ ደርሰው የሚደነግጡ አሉ። የመረጣችሁት ሰው ስም እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ኮሎራዶ ውስጥ ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው የሁለቱም ፓርቲ ወረቀት በፖስታ፣ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል። መመለስ ያለበት አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱንም ሞልቶ የላከ ሰው ሁለቱም ውድቅ ይሆኑበታል። አውሮራ ያላችሁ፣ የቀረውን ወረቀት በዚያው ቀን ቀዳችሁ ጣሉት፤ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ባል ወይም ሚስት «ረስተኸው ነው» ብለው አብረው ያሽጉታል።

ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ሥራው ያለው ወረቀቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ፖስታው ላይም ነው። ከፖስታው ውጭ ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን የሚል ሳጥን አለ። ባዶውን ከተላከ፣ ወይም አንዱን ሳጥን ሞልቶ የሌላውን ፓርቲ ዕጩ ከመረጠ፣ ድምፁ አይቆጠርም። ሲያትል ያሉ ወዳጆቼ ይህን ሳጥን በየዙሩ እየረገሙ ያስረዳሉ። ለሰዉ ወረቀቱን ከማሳየታችሁ በፊት ፖስታውን አሳዩት።

ቀኑም ቦታውም ሊለያይ ይችላል። ኒው ዮርክ በ2024 የፕሬዚዳንቱን ፕራይመሪ ያደረገችው ኤፕሪል 2 ሲሆን የኮንግረሱን ጁን 25 ነው። ዲሲ ላይ ሪፐብሊካኖች የራሳቸውን በማርች መጀመሪያ መሃል ከተማ ሆቴል ውስጥ አድርገው ኒኪ ሄሊ አሸነፉ፤ ዴሞክራቶቹ ጁን 4 በተለመዱት ጣቢያዎች መረጡ። «ባለፈው የመረጥኩበት ትምህርት ቤት» ብላችሁ እንዳትሄዱ።

ድምፄ በቀጥታ ለዕጩው ይቆጠራል ብሎ ማሰብ

በፕራይመሪ የምንሰጠው ድምፅ ለዕጩው የሚያስገኝለት ልዑካንን ነው፤ በተለመደው አጠራር ደለጌት። ዕጩውን በስሙ የሚሰይሙት በበጋው ጉባኤ የሚገናኙት ልዑካን ናቸው። በ2020 ዴሞክራቶቹ በፕራይመሪና በኮከስ የሚከፋፈሉ 3,979 ልዑካን ነበሯቸው፤ ለማሸነፍ 1,991 ያስፈልግ ነበር። ያን ቁጥር ሳይዙ ቴሌቪዥን ላይ በመቶኛ ብቻ መከራከር ትርፉ ድካም ነው፤ ምክንያቱም ድምፅ ወደ ልዑክ ሲለወጥ የሁለቱ ፓርቲዎች ስሌት አይገጥምም።

ዴሞክራቶች በድምፅ ልክ ያከፋፍላሉ፤ ከ15 በመቶ በታች የቀረ ዕጩ ግን አይደርሰውም። ሪፐብሊካኖች ደንቡን በአመዛኙ ለየግዛቱ ስለሚተዉት፣ በብዙ ቦታ አንደኛ የወጣው እንደ ዕቁብ ዕጣ ሁሉንም ጠቅልሎ ይሄዳል። በ2016 ሳውዝ ካሮላይና ላይ ትራምፕ 32.5 በመቶ አግኝተው 50ውንም ልዑካን ወሰዱ። ከሦስት መራጭ ሁለቱ ሌላ ሰው መርጦ ነበር፤ ነገር ግን ያ ሁለት እጅ ለአምስት ዕጩዎች ተበታተነ። በዚያው ዓመት ማርች 15 ፍሎሪዳ ላይ 46 በመቶ ገደማ ይዘው 99ኙንም ወሰዱ። «የኔ ዕጩ 20 በመቶ አለው፣ ደህና ነው» የሚል ሰው መጀመሪያ የየትኛው ፓርቲ፣ የየትኛው ግዛት ብሎ ይጠይቅ።

15 በመቶው የሚሰላው በግዛቱ ጠቅላላ ድምፅ ብቻ አለመሆኑንም ብዙ ሰው አያውቅም። በየኮንግረስ ወረዳውም ለብቻው ይሰላል። ሚሺጋን ላይ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2024 በጋዛ ጦርነት የተቆጡ መራጮች ከ100,000 በላይ ሆነው «ለማንም ቃል አልገባሁም» የሚለውን ምርጫ መረጡ። በግዛቱ ደረጃ 13 በመቶ አካባቢ ስለነበር በቂ አልነበረም፤ በአንዳንድ ወረዳዎች ግን 15ን ስላለፉ ሁለት ልዑካን አገኙ። በአንድ አካባቢ ተሰባስቦ የሚኖር ማኅበረሰብ ይህን ስሌት ልብ ሊለው ይገባል። እኛም እንደዚያ የምንኖርባቸው ሰፈሮች አሉን።

የሜሪላንድ የዴሞክራቶች ወረቀት ላይ ከፕሬዚዳንት ዕጩዎቹ በታች የማናውቃቸው ሰዎች ስም ተደርድሮ ይመጣል፤ ከስማቸው ጎን የሚደግፉት ዕጩ ተጽፏል። «እነዚህን አላውቃቸውም» ብሎ የሚዘል ብዙ ነው። ከኮንግረስ ወረዳችሁ ወደ ጉባኤው የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ከእነሱ አንዱ መሆንም ይቻላል። ሴናተር ወይም ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ ነርስ፣ መምህር፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ይሄዳል። የዴሞክራቶቹ ደንብ የሴትና የወንድ ልዑካን ቁጥር እኩል እንዲከፈል ስለሚያዝ ቦታው ለእህቶቻችንም ክፍት ነው። ማመልከቻው ከፕራይመሪው በፊት ስለሚዘጋ የግዛቱን ፓርቲ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

ኮከስ ባለበት ቦታ ደግሞ ድምፅ ሰጥቶ ወደ ቤት መሮጥ አያዋጣም። በ2012 በአዮዋ የሪፐብሊካኖች ኮከስ ላይ ሌሊቱን ሚት ሮምኒ በ8 ድምፅ አሸነፉ ተባለ፤ ቆጠራው ሲጣራ ሪክ ሳንቶረም በ34 በልጠው ተገኙ፤ ወደ ጉባኤው ከሄዱት ልዑካን አብዛኞቹ ግን የሮን ፖል ሆኑ። የሮን ፖል ደጋፊዎች ሌላው ካፖርቱን ለብሶ ሲወጣ አዳራሹ ውስጥ ቆይተው፣ ለቀጣዩ ደረጃ ተወካይነት ራሳቸውን አስመርጠው ነበር። በ2008 ቴክሳስ ላይም ሂላሪ ክሊንተን በፕራይመሪው አሸንፈው፣ በዚያው ምሽት በተደረገው ኮከስ ምክንያት በድምሩ ብዙ ልዑካን ያገኙት ባራክ ኦባማ ናቸው።

«አለቆቹ ናቸው የሚወስኑት» ብሎ መቅረት

ይህን የሚሉኝ ሰዎች ሲያድጉ ያዩትን ነው የሚናገሩት። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሊቀመንበር ሲመረጥ ድምፅ የሰጠው 180 አባላት ያሉት ምክር ቤት ነበር፤ አገር ውጭ ሆኖ ውጤቱን ጠበቀ። አሜሪካም እስከ 1968 ድረስ ከዚህ ብዙ አልራቀም። በዚያ ዓመት ሂዩበርት ሃምፍሪ አንድም ፕራይመሪ ሳይወዳደሩ፣ ከቺካጎው ጉባኤ አዳራሽ ውጭ ፖሊስ ሰልፈኛውን እየደበደበ፣ የዴሞክራቶች ዕጩ ሆነው ወጡ። ቁጣው ስለበረታ ፓርቲው የማክገቨርን–ፍሬዘር ኮሚሽን የሚባለውን አቋቁሞ ደንቡን ቀየረ፤ መራጩ ወሳኝ የሆነው ከ1972 ወዲህ ነው። በመራጭ ያልታሰሩት የፓርቲ ሹማምንት፣ ሱፐር ደለጌት የሚባሉት፣ ከ2018ቱ የደንብ ለውጥ በኋላ ውጤቱን በሚወስን የመጀመሪያ ዙር ድምፅ አይሰጡም።

«ታዲያ በ2024 ድምፃችን የት ገባ?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጆ ባይደን ልዑካኑን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ካሸነፉ በኋላ ጁላይ 21 ከውድድሩ ወጡ። ለሳቸው ተመርጠው የነበሩት ልዑካን ካማላ ሃሪስን በኢንተርኔት በተካሄደ ድምፅ አሰጣጥ ዕጩ አደረጓቸው፤ ያም ኦገስት 5 አለቀ፣ ጉባኤው ገና ሳይከፈት። መራጩ ዳግመኛ አልተጠየቀም። ቅር ያላቸው ሰዎች ቅሬታቸው ይገባኛል። ይሁንና በዚያች ሰዓት የወሰኑት እኛ ወረቀቱ ላይ የዘለልናቸው እነዚያ የማይታወቁ ስሞች ናቸው።

ቸኩሎ መምረጥ

ለኖቬምበር ቀደም ብላችሁ ምረጡ፤ ለፕራይመሪ ግን ዕጩዎቹ ብዙ ከሆኑ ትንሽ ታገሡ። በ2020 ከዴሞክራቶቹ ዕጩዎች ፒት ቡቲጀጅ ማርች 1፣ ኤሚ ክሎቡሻር ማርች 2 ከውድድሩ ወጡ። ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን የሚመርጡበት ሱፐር ቱዩስዴይ ማርች 3 ነበር። በፖስታ ወይም ቀደም ብለው ለሁለቱ የመረጡ ሰዎች፣ በክሎቡሻር አገር ሚኔሶታ ያሉትም ጭምር፣ ድምፃቸው ለወጣ ሰው ሆኖ ቀረ።

«አልቋል» ብሎ ሌላውንም መተው

በ2024 ባይደንም ትራምፕም የሚያስፈልጋቸውን ልዑካን ማርች 12 ጨርሰዋል። የሜሪላንድ ሰው ሜይ ላይ «ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለ። በዚያው የዴሞክራቶች ወረቀት ላይ ግን ለሴኔት ዕጩነት አንጄላ አልሶብሩክስና ዴቪድ ትሮን ይፎካከሩ ነበር። ትሮን ከራሳቸው ኪስ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው ተሸነፉ፤ አልሶብሩክስ ኖቬምበር ላይ ሴናተር ሆኑ። ያን የወሰነው በሜይ የወጣው ሰው ነው።

የስምና የፊርማ ጣጣ

የጣቢያው ሠራተኛ የምትፈልገው በመጨረሻ ስም ነው። እናቶቻችን ስም ሲጠየቁ የራሳቸውን ስም ይናገራሉ፤ መዝገቡ ላይ ግን ያሉት በአባታቸው ወይም በአያታቸው ስም ሥር ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ አባት፣ የዜግነት ወረቀቱ ላይ አያት የሆነባቸው አሉ፤ ያ ሰው ሁለት ቦታ ሊመዘገብ ይችላል። ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በስንት መንገድ እንደሚጻፍ አስቡት። ከምርጫው አንድ ወር አስቀድማችሁ በግዛታችሁ የምርጫ ድረ ገጽ ላይ ስማችሁን ፈልጉ፤ አጻጻፉን ከነፓርቲው ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። በፖስታ የምትመርጡ፣ ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። መንጃ ፈቃድ ላይ በእንግሊዝኛ ፈርሞ ፖስታው ላይ በአማርኛ የሚፈርም ሰው ድምፁ ለማጣራት ይቆምበታል።

ግሪን ካርድ ይዞ መምረጥ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህን አትርሱ። ለፕሬዚዳንት የሚደረግ ፕራይመሪ የፌደራል ምርጫ ነው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው መምረጥ አይችልም። ወንጀል ነው፤ ከአገር ያስወጣል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ለዜግነት ሲያመለክቱ ይመጣል፣ ማመልከቻው ላይ መመዝገብንም መምረጥንም የሚጠይቅ ጥያቄ አለና። ግራ የሚያጋባው ዲሲ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማው ምርጫ እንዲሳተፉ መፍቀዷ፣ የሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከተማዋ ምክር ቤት መፍቀዷ ነው። ያ ለከንቲባና ለምክር ቤት ነው፤ ለፕሬዚዳንት አይደለም። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «ለመራጭነት ልመዝግብዎ?» ቢባል አይሆንም በሉ። በስህተት የመራጭ ካርድ ቤታችሁ ከመጣ አትምረጡ፤ ምንም ከመፈረማችሁም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለሚደግፈው ዕጩ ከራሱ ገንዘብ መዋጮ መስጠት ግን ይችላል። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው አይችልም። የሌላ ሰው ገንዘብ በራስ ስም መስጠት ለዜጋም ክልክል ነው። በዝግጅት ላይ ጥሬ ገንዘብ ሰብስቦ በአንድ ሰው ካርድ መክፈል የተለመደ ነገር ሆኗል፤ ይቁም።

እናትና አባትን ብቻቸውን መላክ፣ ወይም አብሮ ሄዶ ለነሱ መምረጥ

በፌደራሉ የመምረጥ መብት ሕግ መሠረት ማንበብ ወይም መጻፍ የሚቸግረው መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪልና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ ናቸው የማይፈቀድላቸው። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ይሆናል። ረዳቱ ፎርም ላይ እንዲፈርም ሊጠየቅ ይችላል፤ አትደንግጡ። የዲሲ ምርጫ ቦርድ በአማርኛ የተዘጋጀ መረጃ አለው፣ ጠይቁት። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ ኖቬምበር ላይ 18 የሚሞላው የ17 ዓመት ልጅ በፕራይመሪው ራሱ መምረጥ ስለሚችል፣ እናቱን ይዞ ሲሄድ የራሱንም ወረቀት ይቀበላል።

የሚያስቆጣኝ ግን እናቱ ገና «እነማን ናቸው ያሉት?» ብለው ሲጠይቁ ክቡን የሚያጠቁር ልጅ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አንብብላቸው፣ የማያውቁትን ስም ማን እንደሆነ ከቤት ሳትወጡ ንገራቸው፣ ጣታቸውን ያሳረፉበትን አጥቁር። የዘለሉትን ዝለልላቸው። ማሽኑ ውስጥም ራሳቸው ያስገቡት።